ድምፅ የሚያስደነግጠውን ውሻ ማረጋጋት፦ ከመደበቂያው እስከ ልምምዱ

ነጎድጓዱ ገና ሩቅ ነበር። እኔ አልሰማሁትም፣ ቡቺ ግን ሰምቷል። የሚበላውን ትቶ ቀና አለ። ጆሮዎቹን ወደ ኋላ ለጠፋቸው። ከዚያ መኝታ ቤት ገብቶ አልጋ ሥር ተወሸቀ። ተንበርክኬ ሳየው ዓይኑ ፈጧል፣ ያለከልካል፣ ወለሉ በለሃጩ ርሷል።

ያን ቀን ጎትቼ አወጣሁት። «ምንም የለም እኮ፣ ና» እያልኩ የፊት እግሮቹን ይዤ ሳብኩት። ሐሳቤ ክፉ አልነበረም፣ የሚያስፈራ ነገር እንደሌለ ላሳየው ፈልጌ ነው። እሱ ያየው ግን ሌላ ነው። ሰማዩ ይፈነዳል፣ የሚያምነው ሰው ደግሞ ከመጠጊያው ያወጣዋል። በሚቀጥለው ነጎድጓድ ያገኘሁት እጄ የማይደርስበት ጥግ፣ ግድግዳው ሥር ተጣብቆ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሐኪም ጠይቄ፣ አንብቤ፣ ከእሱ ጋር ለወራት ተለማምጄ የተማርኩትን እዚህ እጽፋለሁ። ሥራው ከባድ አይደለም፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ሁሉም ነገር የሚነሳው ከአንድ ሐሳብ ነው፦ ውሻው ድምፁን ሲሰማ የሚሰማውን ስሜት መለወጥ አለብን። ስሜቱ ከተለወጠ መንቀጥቀጡም መደበቁም በራሱ ጊዜ ይቀንሳል።

1. ፍርሃቱን በደንብ እወቁት

መንቀጥቀጥንና መደበቅን ማንም ያውቃል። የሚያመልጡን ከዚያ ቀድመው የሚመጡት ትናንሽ ምልክቶች ናቸው። እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል። ምግብ በሌለበት ከንፈሩን ይልሳል። ሳይሞቀው ያለከልካል። ጆሮው ወደ ኋላ ይተኛል፣ ጭራው እግሮቹ መሃል ይገባል። ከክፍል ክፍል ይንቆራጠጣል፣ ወይም አንድ ቦታ ደርቆ ይቀራል። አንዳንዱ እንደ ጥላ ይከተላችኋል። የሚወደውን ቁራሽ ብትሰጡት ደግሞ አይነካውም። ይህን የመጨረሻውን ያዙልኝ፣ ልምምዱ ላይ ስንደርስ በጣም ይጠቅመናል።

ሲብስ በር ይቧጭራል፣ መስኮት ላይ ይዘላል፣ ቤት ውስጥ ይሸናል። እንዲህ ያለውን ውሻ «አጠፋ» ብሎ የሚመታ ሰው አለ። እባካችሁ አታድርጉት። የተደናገጠ ውሻ በቅጣት አይረጋጋም። የሚማረው ነገር ቢኖር ድምፅ ሲመጣ ሰውም እንደሚከፋበት ነው።

የውሻ ጆሮ ከእኛ እንደሚለይም አትርሱ። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ ይሰማል፣ የውሻ ግን 45,000 ኸርዝ አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ የሚያስደነግጠው ሁልጊዜ እንደ ርችት ወይም ተኩስ ያለ ትልቅ ነገር ላይሆን ይችላል። ባትሪው ያለቀ የጭስ ማስጠንቀቂያ በየደቂቃው «ጢጥ» ሲል እኛን ቢያሰለቸን ነው፣ አንዳንዱን ውሻ ግን ቀኑን ሙሉ ያንቀጠቅጠዋል።

ሁለት ሳምንት ያህል ማስታወሻ ያዙ። ምን ድምፅ ነበር? ከየት መጣ? ምን አደረገ? ወደ ራሱ እስኪመለስ ስንት ደቂቃ ፈጀበት? እኔ ይህን ስጽፍ ነው ቡቺ የድስት ክዳን መፍራት እንደጀመረ ያስተዋልኩት። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ በነጎድጓድ የጀመረ ፍርሃት ሳይታከም ከቆየ ወደ ሌሎች ድምፆችም ይዛመታል። «ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ መጠበቅ የማያዋጣው ለዚህ ነው።

2. ሐኪም ይየው

ብዙ ሰው ሐኪም ጋ የሚሄደው ሁሉን ሞክሮ ሲያቅተው ነው። እኔ ከልምምዱ በፊት አድርጉት እላለሁ፣ በተለይ ድምፅ የማይፈራ የነበረ ውሻ ድንገት ወይም በእርጅናው መፍራት ከጀመረ። ሕመም ከድምፅ ፍርሃት ጋር ሊያያዝ ይችላል። ውሻ ሲደነግጥ ጡንቻው ይኮማተራል። መገጣጠሚያው ወይም ጀርባው የታመመ ከሆነ ያኔ ይወጋዋል። ቀስ በቀስ ድምፁንና ሕመሙን እንደሚያያይዛቸው ይታሰባል። እንዲህ ያለውን ውሻ ሕመሙ ሳይታከምለት ማለማመድ ልፋት ብቻ ነው።

ስትሄዱ በስልካችሁ የቀረጻችሁትን ቪዲዮ ያዙ። ክሊኒክ ውስጥ የሚያሳየው ሁኔታ ቤት ካለው በጣም ሊለይ ይችላል።

3. መደበቂያ አዘጋጁለት

ቦታውን እሱ ይምረጥ። እናንተ ውድ ቤት ብትገዙለትም እሱ የሚሄደው የመታጠቢያ ቤቱ ጥግ ከሆነ፣ መደበቂያው እዚያ ነው። ሲፈራ ወዴት እንደሚሄድ ማስታወሻችሁ ይነግራችኋል። እዚያው ብርድ ልብስ አንጥፉለት፣ እናንተ የለበሳችሁትን ያልታጠበ ልብስ ጣል አድርጉለት፣ ውሃ አስቀምጡለት። መስኮት የሌለው ወይም ወደ ቤቱ መሃል የገባ ቦታ ቢሆን ይመረጣል። መስኮት ካለው በወፍራም መጋረጃ ሸፍኑት፣ የመብረቁ ብልጭታም ያስፈራዋልና።

ድምፁን የሚያደበዝዝ ሌላ ድምፅ ክፈቱ። የማያቋርጥ የአየር ማራገቢያ ወይም ለስለስ ያለ ሬዲዮ ይበቃል። ለእሱ ጆሮ እንዳይጮህበት ብቻ ተጠንቀቁ።

በሩ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። ፍርሃት የያዘው ውሻ ሲዘጋበት ጥርሱንና ጥፍሩን እስኪሰብር ለመውጣት ይታገላል። ገብቶ ከተደበቀ ደግሞ ማንም አይጎትተው፣ ልጆችም እንግዶችም። በተረጋጋ ቀን አልፎ አልፎ እዚያ ቦታ ላይ የሚወደውን ነገር አስቀምጡለት። ቦታው የክፉ ቀን ብቻ እንዳይሆን።

4. ድምፁ በሚመጣበት ቀን

ርችት እንደሚተኮስ ወይም ዝናብ እንደሚመጣ ካወቃችሁ ቀድማችሁ ተዘጋጁ። ሽርሽሩንና መጸዳጃውን በጊዜ ጨርሱ። የአንገት ማሰሪያው ላይ ስልክ ቁጥራችሁ መኖሩን፣ ማይክሮቺፕ (ከቆዳው ሥር የሚቀበር መለያ) ካለው የተመዘገበው አድራሻ ያልተቀየረ መሆኑን አረጋግጡ። በር፣ መስኮትና የግቢ አጥር ተዘግቶ ይዋል። የደነገጠ ውሻ በሌላ ቀን የማይሞክረውን አጥር ይዘላል፣ ብዙዎቹ የሚጠፉትም በእንዲህ ያለ ቀን ነው። ውጭ መውጣት ግድ ከሆነ ገመዱን ከደረት ማሰሪያው ጋር እሰሩት፣ ከአንገቱ ማሰሪያ ወደ ኋላ ሾልኮ ሊያመልጥ ይችላል። ብቻውንም አትተዉት።

አሁን ብዙ ሰው የሚጠይቀኝን ላንሳ። «ሲፈራ ባባብለው ፍርሃቱን አላበረታታውም?» አታበረታቱትም። ይህ ወሬ ስንቱን ውሻ ብቻውን አስፈርቶታል። ፍርሃት ውሻው ሽልማት ለማግኘት ብሎ የሚያደርገው ነገር አይደለም፣ ስለዚህ እቅፍ በመስጠት አይጨምርም። ወደ እናንተ ከመጣ ተቀበሉት። አጠገባችሁ መተኛት ከፈለገ ይተኛ። እጃችሁን ደረቱ ላይ አድርጋችሁ ከላይ ወደ ታች ረጋ ብላችሁ ዳብሱት። መነካት ካልፈለገና መደበቂያው ውስጥ ከመረጠ ደግሞ ዝም ብላችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። እናንተ ራሳችሁ ብቻ አትርበትበቱ፣ አትቆጡ።

የሚበላ ከሆነ ከእያንዳንዱ ድምፅ በኋላ ወዲያው አንድ የሚወደውን ቁራሽ ስጡት። ነጎድጓድ ጮኸ፣ ቁራሽ። ርችት ፈነዳ፣ ቁራሽ። ቢንቀጠቀጥም ስጡት፣ ጥሩ ጠባይ አሳይ ብላችሁ አትጠብቁ። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመና ከ1,200 በላይ የውሻ ባለቤቶች በተጠየቁበት ጥናት፣ ይህን የሞከሩት ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጠቅሞናል ብለዋል። ከተጠየቁት ዘዴዎች ሁሉ ይህ ቀላሉ ነው። በየቀኑም ይሠራል፣ መኪና ጥሩንባ ሲነፋ፣ በር ሲላተም፣ ዕቃ ሲወድቅ። ኪሳችሁ ውስጥ ትንሽ ነገር አይጥፋ።

5. ዋናው ልምምድ

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጥንቸል የሚፈራ ትንሽ ልጅ ላይ የሠራችውን አሳትማለች። ልጁ የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሏን ከሩቅ ታሳየዋለች፣ ከዚያ በየጊዜው ጥቂት ታቀርባታለች። በመጨረሻ ልጁ በእጁ ይነካት ጀመር። እኛም የምናደርገው ይኸው ነው። ጥንቸሏ ድምፁ ነው፣ ርቀቱ ደግሞ የስፒከሩ መጠን።

የሚያስፈልጋችሁ የድምፁ ቅጂ፣ ማጫወቻ፣ ጸጥ ያለ ክፍልና እሱ የሚሞትለት ምግብ ነው። የዘወትር ምግቡ አይበቃም። ለምሳሌ የተቀቀለ ዶሮ፣ አጥንትና ቅመም የሌለው፣ የጥፍር ያህል ተቆራርጦ። ቸኮሌት፣ ዘቢብ፣ ሽንኩርትና ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ ያለበት ነገር ለውሻ መርዝ ስለሆነ አይቅረብ። ልምምዱን የምትጀምሩት እውነተኛው ድምፅ በማይኖርበት ወቅት ይሁን። ዛሬ በቀስታ አለማምዳችሁት ማታ እውነተኛ ነጎድጓድ ከወረደበት የሠራችሁት ይፈርሳል።

መጀመሪያ መጠኑን ፈልጉ። ከዜሮ ተነሱና እናንተ ራሳችሁ ጆሮ ሰጥታችሁ ካልሆነ በማትሰሙት መጠን ክፈቱት። እሱ ጆሮውን ትንሽ ቀሰር አድርጎ ወደ ሥራው ከተመለሰ መነሻችሁ ተገኘ። ካዛጋ፣ ከንፈሩን ከላሰ ወይም ተነሥቶ ከሄደ በዝቷል፣ ዝቅ አድርጉት።

ከዚያ እንዲህ ነው። ድምፁን ክፈቱ። ሁለት ሰከንድ ቆዩ። ዶሮውን ስጡት፣ ድምፁ እየተሰማ ደጋግማችሁ ስጡት። ድምፁን ዝጉ። ምግቡም ያኔ ይቁም። ግማሽ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ረዘም ያለ ጊዜ ጠብቁና ድገሙት። ስድስት ሰባት ጊዜ ይበቃል፣ ከ5 ደቂቃ አትለፉ።

ቅደም ተከተሉ ላይ አደራ! ድምፁ ይቀድማል፣ ምግቡ ይከተላል። እኔ መጀመሪያ አካባቢ ተገላቢጦሽ አድርጌው ነበር። የዶሮውን ሳህን ይዤ እቀመጥና ከዚያ ድምፁን እከፍታለሁ። በሳምንቱ ቡቺ ሳህኑን ሲያይ ከክፍሉ መውጣት ጀመረ። ዶሮው የነጎድጓድ ማስጠንቀቂያ ሆነበት። ምግቡን ደብቁት፣ ድምፁ ሳይሰማ እጃችሁ ወደ ኪስ አይሂድ። የልምምዱንም ሰዓትና ቦታ አቀያይሩ፣ ፍንጩ ድምፁ ብቻ እንዲሆን።

መቼ ከፍ ላድርገው? መልሱን እሱ ይሰጣችኋል። በአሥራ አንደኛው ቀን ይመስለኛል፣ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ቅጂውን ከፈትኩ። ቡቺ ጀርባውን ሰጥቶኝ ጨርቅ እያኘከ ነበር። ድምፁ እንደተሰማ ማኘኩን አቆመ። አንገቱን አዙሮ ቀጥታ ዓይኔን አየኝ፣ ከዚያ እጄን። ጭራው ወለሉን አንዴ ጠብ አደረገው። «ዶሮው የታለ?» እያለ ነው። የምትጠብቁት ይህን ነው። በተከታታይ ልምምዶች ይህን ካያችሁ መጠኑን አንዲት እርከን ብቻ ጨምሩ። ያን ካላያችሁ፣ ዝም ብሎ ቢቀመጥ እንኳ፣ አትጨምሩ።

መብላት ካቆመ ወይም ቁራሹን ከእጃችሁ መንጭቆ እየወሰደ ከሆነ አልፋችሁታል። ድምፁን ዝጉ፣ ለዛሬ ይብቃ። ነገ ሁለት ሦስት እርከን ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ። በእልህ መግፋት የለም። «ይልመደው» ብሎ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቶ ውሻውን ክፍል ውስጥ አብሮት መዝጋት ደግሞ ጭካኔ ነው። ውሻው ዝም ቢል እንኳ ለምዶ ሳይሆን ተስፋ ቆርጦ ሊሆን ይችላል።

በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አትለውጡ። ስፒከሩን ሌላ ክፍል ስትወስዱ፣ ልምምዱን ማታ ስታደርጉ ወይም የተለየ ቅጂ ስትጠቀሙ መጠኑን ቀንሱ። የስልክ ስፒከር የነጎድጓዱን ወፍራም ጉርምርምታ አያወጣውም፣ ስለዚህ ከተቻለ ቆየት ብላችሁ ወደ ትልቅ ስፒከር እለፉ። ነጎድጓድ ራሱ ድምፅ ብቻ አይደለም፣ ዝናብ አለው፣ ንፋስ አለው፣ ብልጭታ አለው። ቅጂ ይህን ሁሉ አያመጣም፣ ለዚህም ነው ቤት ውስጥ ጎበዝ የሆነ ውሻ በእውነተኛው ቀን የሚቸገረው። ለርችት፣ ለተኩስና ለጥሩንባ ግን ቅጂው በደንብ ይሠራል።

የቤት ዕቃ ከሆነ የሚያስፈራው ከፋፍሉት። ቫኪዩም ክሊነር መልክ፣ እንቅስቃሴና ድምፅ አለው። መጀመሪያ ጠፍቶ ቆሞ ሳለ እያየው ይብላ። ቀጥሎ ሳይበራ ትንሽ ይገፋ። ከዚያ በሩ በተዘጋ ሌላ ክፍል ውስጥ ይብራ። ሦስቱን አንድ ላይ የምታመጡት በመጨረሻ ነው። የቡቺን የድስት ክዳን በወፍራም ፎጣ ጠቅልለን ጀመርነው፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ የፎጣውን አንድ እጥፍ እየፈታን።

6. መረጋጋትን ራሱን አስተምሩት

አንድ ትንሽ ምንጣፍ ምረጡ። ጸጥ ባለ ሰዓት አንጥፉትና ሲተኛበት ፊት ለፊቱ ቁራሽ አስቀምጡ። አገጩን ሲያሳርፍ፣ ወገቡን ወደ አንድ ጎን ሲጥል፣ በረጅሙ ሲተነፍስ ሌላ ቁራሽ። ሁልጊዜ ያንኑ ቃል በለሆሳስ በሉለት። ከሳምንታት በኋላ ምንጣፉ ራሱ ሰውነቱን ያላላዋል፣ ያኔ ጥቅልሉን ይዛችሁ የትም መሄድ ትችላላችሁ። ቀደም ባልኩት ጥናት ላይ 69 በመቶ የሚሆኑት መረጋጋትን ማለማመድ ረድቶናል ብለዋል። የድምፅ ቅጂ ከሞከሩት ደግሞ ረድቶናል ያሉት 55 በመቶ ናቸው።

7. መድኃኒት ያስፈልግ ይሆን?

ውሻው ራሱን የሚጎዳ ከሆነ፣ ለሰዓታት ወደ ራሱ ካልተመለሰ፣ ወይም በትንሹ ድምፅ እንኳ መብላት ካልቻለ፣ አዎ፣ ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ። ይህ መሸነፍ አይደለም። ፍርሃት ጭንቅላቱን የሞላው ውሻ መማር አይችልም፣ መድኃኒቱ የሚማርበትን ቦታ ይከፍትለታል። በዚያው ጥናት መድኃኒት የሞከሩትም 69 በመቶ የሚሆኑት ጠቅሞናል ብለዋል። በድምፅ ቀን ብቻ የሚሰጥ አለ፣ በየቀኑ የሚወሰድም አለ። አንዳንዱ ሙሉ ለሙሉ እስኪሠራ ሳምንታት ይፈጃል፣ ስለዚህ ወቅቱ ሳይደርስ ጠይቁ። የአንድ ጊዜውንም በጸጥታ ቀን ሞክራችሁ እንዴት እንደሚያደርገው እዩ።

አሴፕሮማዚን የሚባለው ብቻውን ከታዘዘ ግን ሐኪሙን ደግማችሁ ጠይቁት። ሰውነቱን ያደነዝዛል እንጂ ፍርሃቱን አያነሳለትም። ውሻው መንቀሳቀስ አቅቶት ሁሉን እየሰማ ይተኛል። የሰው ማስታገሻም በግምት አይሰጥም፣ ሊገድል ይችላል።

ደረቱን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ልብስም አለ። ከሞከሩት 44 በመቶ የሚሆኑት ረድቶናል ብለዋል። ልብሱ ራሱ የሚያስጨንቀው ውሻ ስላለ በጸጥታ ቀን አለማምዱት።

8. ቡችላ ካላችሁ

ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ያለው ዕድሜ ወርቅ ነው። በዚያ ጊዜ የተዋወቀውን ነገር እንደ ተራ ነገር ይቀበለዋል። ሲበላና ሲጫወት የተለያዩ ድምፆችን በጣም ዝቅ አድርጋችሁ አሰሙት። ምንም ካልመሰለው ጥሩ ነው። ከደነገጠ ቀንሱ። ዛሬ ምንም የማይፈራ ቡችላም ቢሆን ይህ ልምምድ አይቅርበት።

ወደ ኋላ ሲመለስ

ይመለሳል። ለሁለት ወር ስትለፉ ቆይታችሁ አንድ ማታ ጎረቤት ያልታሰበ ርችት ይተኩስና ውሻው እንደገና አልጋ ሥር ይገባል። እኛም ላይ ደርሷል። ያን ማታ ምንም ልምምድ የለም። መደበቂያው፣ ማራገቢያው፣ እናንተ አጠገቡ፣ በቃ። ሦስት አራት ቀን ይረፍ። ከዚያ ቆማችሁበት ከነበረው የስፒከር መጠን ግማሹን ቀንሳችሁ ጀምሩ። ሁለተኛው ዙር አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ይፈጥናል። ቡቺ ሁለተኛውን ሲጀምር ዞሮ ዓይኔን ያየኝ በሦስተኛው ቀን ነው።